«መሣሪያ የለም» ስለሚለው መልስ፤ በወላይታ ትምህርት ቤቶች የሙዚቃ መሣሪያ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ እንዲዳረስ የቀረበ ሒስ

በአገራችን ስለ ሙዚቃ ትምህርት ጥያቄ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «መሣሪያ የለም» የሚል ነው። መምህሩም፣ ርእሰ መምህሩም፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም በዚህ መልስ ይስማማሉ። ሁሉም የሚስማሙበት ነገር ደግሞ መርማሪ አያገኝምና፣ መልሱ እስከ ዛሬ ድረስ በቅጡ ሳይመረመር ቆይቷል። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ይህንኑ መልስ ነው። ለምርመራችን ወላይታን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት የአስተዳደር መቀመጫ ስለ ሆነች ብቻ አይደለም። ወላይታና ጎረቤቶቹ በብዙ ሰው ኅብረት የሚነፋ የሙዚቃ መሣሪያ ያላቸው አገሮች በመሆናቸው፣ «መሣሪያ የለም» የሚለው ቃል ከየትም ይልቅ በዚያ ሲነገር ስለሚያስገርም ነው።

አሳባችንን አስቀድመን እንናገር። በትምህርት ቤቶቻችን የጎደለው መሣሪያ አይደለም፤ የጎደለው የመሣሪያ ምርጫ ነው። አንድ ሰው ብቻውን እንዲጫወትበት የተሠራን መሣሪያ 60 ተማሪ ወዳለበት ክፍል ካስገባን በኋላ፣ ለ59ኙ ባይዳረስ ጥፋቱን በድኽነት ላይ እናላክካለን። ድኽነቱ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ባለጸጋ ብንሆንም እንኳ በዚህ መንገድ ሁሉንም ተማሪ ማስተማር አንችልም ነበር።

ሕጉና ልማዱ

በጽሑፍ ከተቀመጠው ብንነሣ፣ የሙዚቃ ትምህርት ለሁሉም ተማሪ የተፈቀደ መሆኑ አያጠራጥርም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት ለኪነ ጥበብ መስፋፋት አስተዋጽኦ የማድረግ ኀላፊነት እንዳለበት ይናገራል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ31ኛው አንቀጹ ሕፃን ሁሉ በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳለው ያረጋግጣል። በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ሙዚቃ በታችኞቹ ክፍሎች «ሥነ ውበት» በሚባለው ትምህርት ሥር ተካቶ ነበር። በአዲሱ ሥርዐተ ትምህርት ደግሞ ከሥዕል፣ ከቴአትርና ከውዝዋዜ ጋር ሆኖ «የክወናና የእይታ ጥበባት» ተብሏል። እንግዲህ ስሙ ተለዋውጧል እንጂ ትምህርቱ ከሰሌዳው ላይ አልጠፋም።

ልማዱ ግን ሌላ ነው። በክፍል ውስጥ የሚሰጠው የሙዚቃ ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሙዚቃ የሚጻፍ ማስታወሻ ነው። ተማሪው የመሣሪያዎችን ስም በአራት ወገን ከፋፍሎ ይጽፋል፤ በፈተናም ቀን ክራር ከባለ አውታር ወገን መሆኑን ይመልሳል። እውነተኛው ጨዋታ ያለው ከክፍል ውጭ፣ በሚኒ ሚዲያና በባህል ቡድን ዘንድ ነው። ወደዚያም የሚገባው ድምፁ ያማረው፣ ወይም በቤቱ ወይም በጸሎት ቤቱ ኦርጋን መንካት የለመደው ነው። የወላጆች ቀን ሲደርስ እነዚህ ጥቂቶች ይቀርባሉ፤ የቀሩት ያጨበጭባሉ። ትምህርት ቤቱም «ሙዚቃ አለን» ይላል።

በሒሳብ ትምህርት እንዲህ ያለ አሠራር ቢኖር ማን ዝም ይል ነበር? ሒሳብ የሚያውቁ ስድስት ልጆች ተመርጠው በበዓል ቀን በሕዝብ ፊት ሲያካፍሉና ሲያባዙ፣ ሌሎቹ ቆመው እንዲያጨበጭቡ ቢደረግ ወላጅ ሁሉ ይጮኻል። በሙዚቃ ሲሆን የማይጮኸው፣ ሙዚቃ የሚማሩት ሳይሆን የሚፈጠሩበት ነገር ነው የሚል እምነት በውስጣችን ስላለ ነው። ይህ እምነት መመረጥን እንጂ መማርን አያውቅም።

የ40 ሴኮንድ ትምህርት

አሁን ደግሞ ርዳታ መጣና አንድ ትምህርት ቤት አንድ የኤሌክትሪክ ኦርጋን አገኘ እንበል። ክፍሉ 60 ተማሪ አለው፤ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ስም መጥሪያው፣ ማስረዳቱና ጸጥ ማሰኘቱ ሁሉ ተትቶ ጊዜው በሙሉ ለጨዋታ ቢውል፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው 40 ሴኮንድ ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቢኖርና በዓመቱ 36 ሳምንት ቢማሩ፣ አንዱ ተማሪ በዓመት መሣሪያውን የሚነካው 24 ደቂቃ ይሆናል። ያውም መብራት ካልጠፋ። በ24 ደቂቃ ማንም ሰው ምንም ነገር አይማርም። ስለዚህ መምህሩ መሣሪያውን በቁምሳጥን ቆልፎ ለወላጆች ቀን ማስቀመጡ ስንፍና አይደለም፤ ከሒሳቡ የሚወጣው ውጤት ይኸው ነው።

አንዱ መሣሪያ አሥር ቢሆንስ? ድርሻው በዓመት አራት ሰዓት ይሆናል። ይህ በእርግጥ ይሻላል። ነገር ግን አሥሩ በአንድ ክፍል ባንድነት ሲጮኹ መምህሩ ማንን እንደሚሰማ፣ ሲበላሹም ማን እንደሚጠግን እንተወውና፣ በዞኑ ውስጥ ላሉት ትምህርት ቤቶች ሁሉ አሥር አሥር መሣሪያ ይገዛል ብሎ የሚያምን ሰው አናገኝም። በዚህ መንገድ የሚጠብቅ ትምህርት ቤት ሲጠብቅ ይኖራል።

የአንድ ሰው መሣሪያ አሳብ ከየት መጣ

መሣሪያ ሲባል አንድ ሰው ዜማውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻውን የሚጫወትበት ዕቃ ነው የሚለው አሳብ በሁለት መንገድ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን የገባ ይመስለናል።

አንደኛው መንገድ የደጋው የሙዚቃ ልማድ ነው። አዝማሪው ከማሲንቆው ጋር፣ እረኛው ከዋሽንቱ ጋር፣ ባለ በገናው ከበገናው ጋር ብቻውን ይቀመጣል። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የአገር መሣሪያዎችን ማስተማር ሲጀምር ክራርን፣ ማሲንቆንና ዋሽንትን መያዙም ከዚህ ልማድ የተነሣ ነው። ሁለተኛው መንገድ ዘመናዊው የማርሽ ባንድ ነው። በ1916 ዓ.ም. «አርባ ልጆች» የተባሉት የአርመን ወጣቶች ከኢየሩሳሌም መጥተው በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት ነሐስ መንፋት ከጀመሩ ወዲህ፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ባንዶች ተከታትለው ተቋቁመው፣ በኖታ የሚጫወት የሠለጠነ ሙዚቀኛ በአገራችን ተፈጠረ። ከሁለቱም መንገድ ታላላቅ ሰዎች ወጥተዋል፤ ሁለቱንም ለመንቀፍ አልተነሣንም። የምንለው፣ ሁለቱም የተዘጋጁት ሥራዬ ብሎ ለያዘው ሰው እንጂ በአንድ ክፍል ለታጎሩ 60 ልጆች አይደለም ነው።

ከደጋውም ቢሆን ሌላ ዐይነት አሠራር አልጠፋም። እምቢልታ ቀዳዳ የሌለው ረጅም ዋሽንት ስለ ሆነ አንዱ ብቻውን ዜማ አይወጣውም። ነፊዎቹ ሦስት ሆነው እየተቀባበሉ ነው ዜማውን የሚያሟሉት። እንግዲህ የመቀባበል ጥበብ ለሰሜኑም እንግዳ አይደለም። ሙሉ ኑሮውን ያገኘው ግን በደቡብ ነው።

አንዱ ብቻውን ዜማ የማይወጣው መሣሪያ

በወላይታ፣ በዳውሮና በጋሞ ከቀንድ፣ ከቀርከሃና ከሸምበቆ የሚሠሩ፣ እንደ አገሩ አነጋገር ዲንካ ወይም ዛዬ እየተባሉ የሚጠሩ የትንፋሽ መሣሪያዎች አሉ። የዳውሮ ዲንካ ከቀርከሃና ከአጋዘን ቀንድ ተቀጣጥሎ ከሰው ቁመት እጅግ ይረዝማል። የእነዚህ መሣሪያዎች ጠባይ እንዲህ ነው። አንዱ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ወይም ሁለት ብቻ ነው። ከጎኑ ያለው ሌላ ድምፅ አለው፤ ከእሱም ቀጥሎ ያለው እንዲሁ። እያንዳንዱ ተራውን ጠብቆ ይነፋል፤ ከሁሉም ተራ አንድ ዜማ ይገጣጠማል። አንዱ ቢቀር በዜማው ላይ ቀዳዳ ይታያል። ከደቡብ ኦሞ ወገን የአሪ ሰዎች ዋሽንቶቻቸውን በዚሁ ዐይነት ይጫወታሉ። የጋሞዎቹ ዶርዜዎች ደግሞ ይህንኑ ጥበብ በድምፃቸው ይሠሩታል፤ የየራሳቸውን ክፍል የያዙ ብዙ ዘፋኞች ባንድ ጊዜ ያዜማሉ። ቤርናር ሎርታ ዣኮብ የተባለው ፈረንሳዊ የሙዚቃ ተመራማሪ የዶርዜዎችን ባለ ብዙ ድምፅ ዜማ ቀድቶ እ.ኤ.አ. በ1977 በሸክላ አሳትሞታል። የፓሪስ አድማጭ በቤቱ ቁጭ ብሎ የሚያደንቀውን ነገር፣ ከዶርዜ በቅርብ ርቀት የሚገኘው የሶዶ ተማሪ በማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ አያገኘውም። የሚያገኘው ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉትን አራት ቅኝቶች ነው። ቅኝቶቹን ማወቅ ይገባዋል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሙዚቃ በእነርሱ ተጀምሮ በእነርሱ የሚያልቅ ከመሰለው ተሳስቷል።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት ለዚህ ሙዚቃ የተነገረ ይመስላል። ለክራር መምህር የ60 ተማሪ ክፍል ሸክም ነው። ለቀንድ ነፊዎች መሪ ግን ብዙ ሰው መኖሩ ሀብቱ ነው፤ ሰው ካልበዛ ሥራውም አይሠራለትም። በብዙ ሕዝብ ብዛቷ የታወቀችው ወላይታ፣ በክፍል ጥበትና በተማሪ ብዛት የተጨነቀችው ወላይታ፣ ብዛትን ወደ ጌጥ የሚለውጥ ሙዚቃ ከአባቶቿ ወርሳ ሳለች፣ በትምህርት ቤቶቿ አንድ ኦርጋን ትጠብቃለች። የሒሳችን ፍሬ ነገር ይህ ነው።

ይህ አሳብ በወላይታ ብቻ የሚታይ አይደለም። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆን ብላኪንግ እ.ኤ.አ. ከ1956 እስከ 1958 በደቡብ አፍሪካ በቬንዳ ሕዝብ መካከል ኖሮ ሺኮና የተባለውን የሸምበቆ ጨዋታቸውን አጥንቷል። በዚያም አንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ይዞ ከሃያ ከማያንሱ ባልንጀሮቹ ጋር ነው ዜማውን የሚያወጣው። ብላኪንግ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው «ሰው ምን ያህል ሙዚቀኛ ነው?» በሚለው መጽሐፉ፣ ሙዚቀኝነት የጥቂቶች ልዩ ስጦታ ነው የሚለውን የአውሮፓውያን እምነት የተቃወመው ከቬንዳዎች በተማረው ነው። በጋና ደግሞ ኤፍሬም አሙ የተባለው መምህርና የዜማ ደራሲ (እ.ኤ.አ. 1899–1995) አተንተበን የተባለውን የአገሩን የቀርከሃ ዋሽንት አሻሽሎ ወደ ትምህርት ቤት አስገብቶታል። የአገር ዕቃ ለትምህርት አይሆንም የሚሉ በዘመኑ ነበሩ። ዛሬ ግን አተንተበን በጋና ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀር የሚጠና መሣሪያ ነው።

በክፍል ውስጥ እንዴት ይሆናል

ሒስ አሳብን ብቻ ነቅፎ ማለፍ የለበትምና፣ የምንለው ነገር በእጅ የሚያዝ መሆኑን እናሳይ።

አንዱ ጫፍ በአንጓው የተደፈነ፣ ሌላው ጫፍ ክፍት የሆነ ቀርከሃ በአፉ ጠርዝ ላይ ሲነፉበት እንደ ጠርሙስ ይጮኻል። የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስነው ርዝመቱ ነው። 30 ሳንቲ ሜትር የሚያህለውን ቀርከሃ መነሻ ብናደርግ፣ ከእሱ ቀጥሎ 27፣ 24፣ 20፣ 18 እና 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆኑ ቢቈረጡ፣ አምስት ድምፅና የመነሻው እጥፍ ይገኛሉ። 15 የ30 እኩሌታ ስለ ሆነ ድምፁ ያው የመጀመሪያው ነው፤ ቀጥኖ ብቻ ይሰማል። 20 ደግሞ የ30 ሁለት ሦስተኛ ነው። ይህንን የሚቈርጥ ልጅ ሙዚቃ ብቻ ሳይሆን ክፍልፋይንና የድምፅን ፊዚክስ ባንድነት ይማራል። ቀርከሃው ሁሉ ውፍረቱ እኩል ስላልሆነ መጀመሪያ ጥቂት አስረዝሞ መቍረጥና እየሰሙ ማሳጠር ያስፈልጋል። ጥቂት ሰም በውስጡ ቢጨመርም ድምፁ ይቀጥናል። ያጠረውን ግን ማስረዘም አይቻልም። እነዚህ ቍጥሮች መነሻ ብቻ መሆናቸው አይዘንጋ፤ የመጨረሻው ልክ የአካባቢው ሽማግሌዎች ጆሮ ነው።

እንግዲህ 60ዎቹን ተማሪዎች በስድስት ቡድን አሥር አሥር አድርገን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ድምፅ እንስጥ። ከ40 ደቂቃው 20ው ብቻ ለጨዋታ ቢውልና እያንዳንዱ ቡድን ከስድስት አንዱን ጊዜ ቢነፋ፣ ለአንዱ ተማሪ 200 ሴኮንድ ይደርሰዋል፤ ከኦርጋኑ ድርሻ አምስት እጥፍ ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በኦርጋኑ ክፍል 59 ልጆች ሥራ ፈት ሆነው አንዱን ይጠብቃሉ። በቀርከሃው ክፍል የማይነፋውም ልጅ ተራው እንዳያልፈው ይቈጥራል፣ ይሰማል፣ ከባልንጀራው ትንፋሽ ላይ ዐይኑን አይነቅልም። መስማትን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ ዘዴ አናውቅም። ደግሞም ሁሉ የየራሱን ዕቃ ስለሚይዝ፣ ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ሁላችንም የተማርነው የአፍ ለአፍ መተላለፍ ሥጋት ይቀንሳል።

«ሁሉም» ሲባል ማን ማን ነው

ለሁሉም ተማሪ ይዳረስ ስንል ቍጥር ብቻ እያሰብን አይደለም። ከደጁ ውጭ የሚቀሩት እነማን እንደ ሆኑ መጠየቅ ይገባል።

በመጀመሪያ ሴቶች ልጆች አሉ። በብዙው የአገራችን ክፍል ከበሮ ሴቷም የምትመታው ሲሆን፣ መንፋት ግን የወንድ ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ለዚህ ልማድ ከሳንባም ሆነ ከከንፈር የሚመጣ ምክንያት የለውም። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ቀርከሃውን ያለ ልዩነት ካደለ ነገሩ ያለ ብዙ ንግግር ያልቃል። በመጀመሪያው ቀን «ወንዶች ይንፉ፣ ሴቶች ያጨብጭቡ» ካለ ግን በዓመቱ መጨረሻ አይመልሰውም።

ሁለተኛ የአካል ጉዳት ያለባቸው ተማሪዎች አሉ። ሶዶ በኦቶና የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ያለባት ከተማ ናት። በኖታ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ለዓይነ ስውር ተማሪ የብሬል ኖታ እስኪመጣለት ደጅ ያስጠናዋል፤ ሰምቶ በመቀባበል የሚሄደው ሙዚቃ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከባልንጀሮቹ ጋር እኩል ያደርገዋል። መስማት ለተሳነው ተማሪም በሩ የተዘጋ አይደለም። ከ12 ዓመቷ ጀምሮ መስማት የተሳናት ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ የድምፁን ንዝረት በአካሏና በባዶ እግሯ እየተቀበለች በዓለም የታወቀች ከበሮ መቺ ሆናለች። የከበሮ ቆዳና የረጅም ቀንድ ንዝረት በእጅ ይዳሰሳል፤ ተራ መጠበቅም በዐይን ይቻላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የባለ እጆች ልጆች ጉዳይ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ሸክላ ሠሪው፣ ቆዳ ፋቂውና ቀጥቃጩ ከገበሬው ተለይተው፣ በማዕድና በጋብቻ ተገለው ኖረዋል። በወላይታ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻ ይባላሉ። በእነዚህ አገሮች በልቅሶና በድግስ ላይ ቀንድና መለከት የመንፋቱ ሥራ በብዙ ቦታ የወደቀው በእነዚሁ በተናቁት ወገኖች ትከሻ ላይ ነው። ንቀቱ ከዱሮው ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ ጥበቡን የሚያውቁት ሰዎች የሚናቁ ሰዎች ስለ ሆኑ፣ ልጆቻቸው ቀንዱን በማፈር ይተዉታል፤ የሌሎቹ ልጆችም በመናቅ አይነኩትም። በሁለት ወገን የተተወ ዕቃ ዕድሜው አጭር ነው።

ይህን ጥበብ ወደ ክፍል ስናስገባ ሁለት መንገድ ከፊታችን አለ። መምህሩ የሸክላ ሠሪውን ልጅ ጠርቶ «አንተ ታውቅበታለህ፣ ንፋልን» ካለ፣ ለዘመናት የኖረውን መለያየት በትምህርት ቤት ማኅተም አጸናው ማለት ነው። የገበሬው፣ የነጋዴው፣ የመምህሩና የሸክላ ሠሪው ልጅ በአንድ ረድፍ ቆመው፣ አንዱ ያለ ሌላው ዜማ የማይሆንለትን ዕቃ ሲይዙ ግን፣ ሕገ መንግሥቱ በ25ኛው አንቀጹ ስለ እኩልነት የጻፈው ነገር በጆሮ ይሰማል። የእነዚሁ ልጆች አባቶችም በመምህርነት ተጠርተው፣ በሰሌዳው አጠገብ በክብር ቆመው፣ ለድካማቸው ገንዘብ ሊከፈላቸው ይገባል። በነጻ የተወሰደ ዕውቀት ያልተከበረ ዕውቀት ነውና።

ሊነሡ ስለሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ «ዓለም በፒያኖና በኖታ ሲሄድ እናንተ ልጆቹን ወደ ቀንድ ትመልሳላችሁ» የሚለን ይኖራል። ኖታ አያስፈልግም አላልንም። ተራውን ጠብቆ መግባትን፣ ምት መያዝንና የሌላውን ድምፅ ለይቶ መስማትን የተማረ ልጅ ወደ ኖታ ሲመጣ የሚጽፈውን ነገር ያውቀዋል። ዛሬ የምናየው ግን ድምፁን ሳይሰማ ምልክቱን የሚገለብጥ ተማሪ ነው።

ሁለተኛ፣ «አንድ ድምፅ ብቻ መንፋት ተሰጥኦ ያለውን ልጅ ያቀጭጨዋል» ይባል ይሆናል። ይህ ተቃውሞ እውነት አለበት። አንድ ልጅ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ድምፅ ቢነፋ ትምህርት አይባልም። ስለዚህ ድምፅን በየሳምንቱ መለዋወጥ፣ የቻለውን ቡድን እንዲመራ ማድረግ፣ ዐዲስ ዜማም እንዲያከፋፍል መስጠት ያስፈልጋል። ስድስት ቡድን ባለበት ክፍል አንድን ዜማ ለስድስት ማከፋፈል ከባድ የአእምሮ ሥራ ነው። ክራርና ኦርጋን የሚወድም ከትምህርት ሰዓት በኋላ በክበቡ ይቀጥል። ክበብ የክፍል ተጨማሪ ይሁን እንጂ ምትክ አይሁን ነው የምንለው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሽማግሌዎች የሚመጣ ነው፤ «የልቅሶ ዜማ የልጆች መጫወቻ አይደለም» የሚል። ይህ ሊከበር የሚገባው ቃል ነው። የትኛው ዜማ ለክፍል እንደሚሆን፣ የትኛውስ በቦታው እንደሚቀር የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው። ለጊፋታ፣ ማለትም በመስከረም ለሚከበረው ለወላይታ ዘመን መለወጫ የሚሆኑት የደስታ ዜማዎች ለመጀመሪያ ይበቃሉ።

እዚህ ላይ ወላይታ በገዛ ታሪኳ ያየችው ነገር አለ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የመማሪያ መጽሐፍ ተዘጋጅቶ ነበር። ሕዝቡ አልመከረበትም ነበርና በ1992 ዓ.ም. በሶዶ ከባድ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። መጽሐፉም ተነሣ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች። ቋንቋዎቹ መቀራረባቸው አልነበረም የተካደው፤ ከላይ ተዘጋጅቶ የወረደ መሆኑ ነው። እንግዲህ የሙዚቃ መማሪያ የሚያዘጋጅ ሁሉ «የደቡብ ሙዚቃ» የሚባል አንድ ቅይጥ ፈጥሮ ለሁሉም እንዳያድል ይጠንቀቅ። ዘዴው፣ ማለትም መቀባበሉ፣ ለጎረቤታሞቹ የጋራ ነው፤ ዜማው ግን የየባለቤቱ ነው። የዳውሮ ልጅ በዳውሮ ዜማ፣ የወላይታ ልጅ በወላይታ ዜማ ይጀምር፤ ከዚያ በኋላ አንዱ የሌላውን ቢማር መልካም ነው።

የኛ የተማሪዎቹ ድርሻ

ይህ ሁሉ በመምህሩ ላይ ብቻ ቢጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሥዕልን፣ ቴአትርን፣ ውዝዋዜንና ሙዚቃን ባንድነት እንዲያስተምር የታዘዘ መምህር አራቱን ሁሉ ያውቃል ማለት አይቻልም። መምህራንን የሚያሠለጥኑ ኮሌጆች ለዕጩ መምህራኑ ቀርከሃ መቍረጥንና አንድን ዜማ ለብዙ ነፊ ማከፋፈልን ቢያስተምሩ፣ ይህ ከአንድ ወሰነ ትምህርት የሚያልፍ ሥራ አይደለም።

በሶዶ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ አለ። በዚያም ሆነ በሌሎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የምንገኝ ተማሪዎች ስለ ባህል ጥናት ስንጽፍ፣ ልማዳችን የመሣሪያውን ስም፣ ርዝመትና የተሠራበትን ነገር መዝግበን ወረቀቱን ለመመረቂያ ማስረከብ ነው። ወረቀቱ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ቀንዱም በሽማግሌው ግድግዳ ላይ እንደ ተሰቀለ ይቀራል። ከዚህ በኋላ የሚሠራ ጥናት የየነፊውን ድምፅ ለየብቻው ቀድቶ፣ ተራው እንዴት እንደሚገባ ጽፎ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህር በክፍል ሊጠቀምበት በሚችል መልክ ቢያቀርብ፣ አንዱ ወረቀት የብዙ ክፍል መሣሪያ ይሆናል። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜንና ጆሮን ነው። ጊዜው ግን አይጠብቅም። አብረው የሚነፉ ሰዎች አንዱ በሞተ ቍጥር፣ የቀሩት በሕይወት ቢኖሩም ዜማው ይጎድላል። ከብዙ ሰው የሚገጣጠም ሙዚቃ የሚጠፋው በዚህ ዐይነት፣ አንድ አንድ ድምፅ እየተቀነሰ ነው።

እንግዲህ «መሣሪያ የለም» የሚለውን መልስ መርምረን ያገኘነው ይህ ነው። መሣሪያው በወንዝ ዳር በቅሏል፣ በገበሬው ደጅ ከበሬው ራስ ላይ ይታያል፤ የሚያውቁበትም ሰዎች ገና አሉ። በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ወሰነ ትምህርት ተሞክሮ ውጤቱ፣ ጉድለቱ ሳይቀር፣ በዚህ መጽሔት ቢገለጽ፣ ከእኛ ሒስ ይልቅ እርሱ የበለጠ ያስተምራል እንላለን።